ከፓራውልቱ ጀርባ ያለው ብረት

ሰኔ 2

ዛሬ ሴቲሚዮ መጥቶ የወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ አንድ ካርቶን አስቀመጠ። የጫማ ካርቶን ነው፤ ጎኑን ቆርጦ አሳጥሮታል።

«ፕሮፌሶሬሳ፣ ችግራችን ይኸውልዎት። ይህቺን የምታህል ነገር ኡኖዋ ውስጥ የምናስገባበት ቦታ አጣን» አለኝ።

ሴቲሚዮ ድሮ ፊዚክስ ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ እንደ አገራችን ልማድ መምህርቱን ዛሬም ፕሮፌሶሬሳ ይላል። አሁን ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ጋራዥ አለው፣ ሆዱም ከወጥ ቤቴ በር ጋር መታገል ጀምሯል። ኡኖዋ የልጄ የማርዚዮ መኪና ናት። ማርዚዮ አርባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የተማሪዎች አውቶቡስ ይነዳል፣ ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ በዚያች ትንሽ መኪና የዳገት ውድድር ይገባል። ትልቁ ውድድር በነሐሴ መጨረሻ ነው። ከከተማችን ድልድይ ተነሥቶ ተራራው አናት ላይ ያበቃል። መኪኖቹ አንድ በአንድ ይነሣሉ፤ ከሰዓት ጋር እንጂ ጎን ለጎን አይሽቀዳደሙም። ይህን ለራሴ ደጋግሜ እነግራለሁ።

ማርዚዮ በብርዱ ወራት ትልቅ ቱርቦ አስገጠመ። ቱርቦ አየርን አፍኖ ወደ ሞተሩ ይገፋል። የታፈነ አየር ይግላል፤ የብስክሌት ጎማ ነፍቶ የፓምፑን ጫፍ የነካ ሁሉ ያውቀዋል። የጋለ አየር ሲገባ ቤንዚኑ ያለ ጊዜው ይነድና ሞተሩ ውስጥ ውስጡን ይንኳኳል፤ ሲብስም ፒስተን ይበሳል። ስለዚህ አየሩ ከመግባቱ በፊት የሚቀዘቅዝበት ሣጥን ያስፈልጋል። እኛ ማብረጃ እንለዋለን። የድሮው ማብረጃ ለአዲሱ ቱርቦ አይበቃም።

«ከፊት ነው የሚያምረው» አለ ሴቲሚዮ። «ከፓራውልቱ ጀርባ። ነፋስ እንደ ልቡ ያገኛል።»

«እዚያ ግጭት የሚመክት ብረት የለም?»

«አለ። ይቆረጣላ።»

ካርቶኑን ትቶልኝ ሄደ። ራቴን ከጎኑ በላሁ።

ሰኔ 5

ጋራዥ ሄጄ ለካሁ። ከፓራውልቱ እስከ ራዲያተሩ ስንዝር ከጣት። ብረቱ በመካከል ከጎን እስከ ጎን ተሻግሯል። ከብረቱ ኋላ ራዲያተር። ከራዲያተሩ ኋላ ሞተር። ከሞተሩ ኋላ ስስ ላሜራ። ከላሜራው ኋላ የማርዚዮ እግር።

በቅደም ተከተል ጻፍኩት። ሌላ የሚጻፍ የለም።

ሰኔ 9

ከሰዓቱን ሙሉ ጋራዡ ውስጥ ስለ ቦታ ተከራከርን። መኪናዋ ለገበያ መመላለሻ የተሠራች ናት፤ ኮፈኗ ሲነሣ እጅ የሚያስገባ ክፍተት አይታይም። ሦስት አማራጭ አለ። አንደኛው ከፊት፣ ብረቱን ቆርጦ። ሁለተኛው ከሞተሩ በላይ፣ ኮፈኑን በስቶ ነፋስ እንዲገባ አድርጎ። ሦስተኛው በውሃ የሚሠራ ማብረጃ ነው። እሱ የዳቦ ያህል ትንሽ ስለሆነ ከቱርቦውና ከሞተሩ መካከል ይገባል፤ ሙቀቱን ለውሃ ይሰጣል፣ ውሃውን ፓምፕ እያዞረ ሌላ ቦታ ወደ ተቀመጠ ታንከር ይወስደዋል።

«ደንቡ ይፈቅዳል» አለ ሴቲሚዮ። «በእኛ ምድብ ብረቱን ቆርጦ በቀጭን ቧንቧ መተካት ይቻላል።»

«ቀጭን ቧንቧ ምን ሊያቆም?»

«ፕሮፌሶሬሳ፣ ወፍራሙስ ምን ሊያቆም? ዛፍ እንደሆነ ዛፍ ነው።»

ማርዚዮ ከመኪናው ሥር ሆኖ ሳቀ። የሚታዩኝ እግሮቹ ብቻ ነበሩ። አንዱ የጫማ ማሰሪያ ተፈትቷል።

«እሰረው» አልኩት።

«እማዬ፣ ተኝቼ እኮ ነው ያለሁት፤ ወዴት እወድቃለሁ ብለሽ ነው?»

ራሴ አሰርኩለት። ሴቲሚዮ ወደ ግድግዳው ዞሮ አፉን ያዘ። ምን እንዳሳቀው አላውቅም። የተፈታ ማሰሪያ ፔዳል ውስጥ ሊገባ እንደሚችል መካኒክ ማወቅ አለበት።

ለጊዜው ከሦስቱ ለየትኛውም አላዳላም። ሁሉም ይለካል፤ ከዚያ ይወሰናል።

ሰኔ 12

ዳቦ ቤት። ከኋላዬ አንዷ ለሌላዋ፦ «የወፍጮው ኩርባ ላይ ያለው የብረት አጥር አምና እንደተጣመመ ነው። ውድድሩ ካለፈ በኋላ ይጠገናል አሉ።»

ሌላዋ፦ «ካለፈ በኋላማ ለማን ሊሆን?»

ዳቦዬን ረስቼ ወጣሁ። ተመልሼ ወሰድኩ።

ሰኔ 17

ሁለተኛው አማራጭ ወደቀ። ሴቲሚዮ ከጓደኛው ያመጣውን ማብረጃ ከሞተሩ በላይ በሽቦ አሰረው፤ ማርዚዮ እስከ መካነ መቃብሩ ነድቶ ተመለሰ። እየሄደ ሳለ ደኅና ነው። ቆሞ ሲጠብቅ ግን ከሥሩ ያለው ሞተር እንደ ምድጃ አጋለው። ቴርሞሜትሬን ቶሎ ባላወጣው ኖሮ ይፈነዳብኝ ነበር። ሲነሣም ግማሹን መንገድ የሚሄደው ያንኑ የጋለ ብረት እያበረደ ነው። ኮፈኑን መብሳት ቀረ።

የቀሩት ሁለት ናቸው፤ ከፊት በነፋስ፣ ወይም በውሃ።

ዛሬ ማታ ሁለቱንም በወረቀት ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። የፊተኛው ቀላል ነው። ፓምፕ የለው፣ ቱቦ የለው፣ የሚፈስ የለው፣ የሚረሳ የለው። ከሥር እስከ አናት ሙቀቱ እምብዛም አይለዋወጥም። የውሃው ይከብዳል፤ ከታንከሩ ጋር የአንድ ተማሪ ልጅ ክብደት ይሆናል፣ እሱም ተሳፋሪ በሚቀመጥበት ቦታ ላይ። ነገር ግን ታንከሩ ውስጥ በረዶ ቢገባ ነገሩ ይለወጣል። በረዶ ሲቀልጥ የሚውጠው ሙቀት፣ ያንኑ ውሃ ከዜሮ እስከ ሰማንያ ዲግሪ ለማሞቅ ከሚያስፈልገው ጋር እኩል ነው። ስንት ትውልድ ይህን አስተማርኩ፣ ስንቱ ረሳው! ዳገቱ አጭር ስለሆነ፣ በስሌቴ መሠረት ስድስት ኪሎ በረዶ ከድልድዩ እስከ አናት ያደርሰዋል። አየሩ ከፊተኛው ማብረጃ ከሚወጣው የበለጠ ቀዝቃዛ ይሆናል። ብረቱም አይነካም።

ስሌቱ ትክክል ነው። ሦስት ጊዜ ደገምኩት።

ስሌቱ የሚጀምረው መኪናው ከመስመሩ ከተነሣበት ቅጽበት ነው። ከዚያ በፊት በሰልፍ የሚቆምበትን ጊዜ አላስገባሁም። ሰልፉ ዘንድሮ ምን ያህል እንደሚቆይ ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ የማይታወቅ ነገር ደግሞ ስሌት ውስጥ አይገባም።

ለተማሪ እንዲህ አልለውም ነበር። ገምት፣ ግምትህንም ጻፍ እለው ነበር።

ሰኔ 24

«ውሃ» አልኳቸው። ወረቀቱንም ሰጠኋቸው።

ሴቲሚዮ በዘይት እጁ ጠርዙን ይዞ እስከ መጨረሻው አነበበ። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ነው የሚያነበው፤ ልጅ ሆኖም እንዲሁ ነበር።

«ሁሉም አለ» አለ። «ሁሉም በቦታው ነው። ግን ፕሮፌሶሬሳ፣ ድሮ የእርስዎ ስሌት ወደ ማንም አያዳላም ነበር።»

«አሁን ወዴት አዳላ?»

«ወደ ብረቱ።»

ማርዚዮ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፦ «እማዬ ውሃ ካለች ውሃ ነው። አለቀ» አለ።

ይከራከረኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ያልተጠቀምኩበትን መልስ ሁሉ ይዤ ቤቴ ገባሁ።

ሐምሌ 3

ተገጠመ። ታንከሩ ተሳፋሪው ቦታ፣ በቀበቶ ታስሮ እንደ ሰው። አንድ ቱቦ ያንጠባጥባል። ማሰሪያው ጠበቀ። አሁንም ያንጠባጥባል። ውሃ ጎማ ሥር ቢፈስስ? ማርዚዮን ጠየቅኩት። «ዝናብ ሲዘንብስ?» አለኝ። ይህ መልስ አይደለም።

ሐምሌ 12

ማታ ነው የምጽፈው።

ዛሬ በጎረቤት መንደር ትንሽ ውድድር ነበር፤ ለልምምድ ያህል። በረዶውን ያመጣው ሴቲሚዮ ነው። ዓርብ ዓርብ ከባሕሩ ዳር የሚመጣ የዓሣ ነጋዴ አለ፤ የጭነት መኪናውን አደባባዩ ላይ ያቆማል። ሽያጩ ሲያልቅ የተረፈውን በረዶ ሜዳ ላይ ይደፋዋል። ሴቲሚዮ ሁለት ጆንያ ሙሉ ለምኖ ወስዶ ፍሪዘሩ ውስጥ አሳድሮታል። «የተፈጨ ነው፣ ታንከሩን ጥግ ድረስ ይሞላልናል» ብሎ ደስ ብሎታል። እኔም ደስ አለኝ። ሸተተኝ፣ ግን ሽታ ሙቀት አይጨምርም አልኩ።

ሰልፉ ላይ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ያዘ።

«ማርዚዮ፣ ዛሬ ወንዝ ነው ዳገት የምትወዳደረው?»

«ሎሚና ዘይት ይዘሃል ወይ?»

«ድመት ካሳደደህ ታሸንፋለህ!»

ማርዚዮ በመስኮት ብቅ ብሎ እጅ ነሳቸው። ሄደ። እኔ ሥር ቀረሁ፤ ከሥር ሆኖ የሚታይ ነገር የለም፣ ድምፅ ብቻ ነው። የልጄን መኪና ድምፅ ከሌላው እለያለሁ። በመጀመሪያው ኩርባ ጥሩ ነበር። በሁለተኛውም። ከዚያ አንድ ሰው በማንኪያ ድስት የሚመታ የመሰለ ነገር ሰማሁ፤ ከዚያ የጎማ ጩኸት፤ ከዚያ ምንም።

ሰዎቹ ወሬያቸውን ቀጠሉ። አንዱ ሳንድዊች ይበላ ነበር። ማኘኩ ይሰማኝ ነበር።

ወደ ታች ሞተሩን አጥፍቶ እየተንሸራተተ መጣ። ረጅሙ ኩርባ ላይ ሞተሩ ተንኳክቶ ጉልበቱ በድንገት ጠፍቶበት ኖሯል። ኋላዋ ዞረ፤ አንድ ጎማ ሣሩ ላይ ወጥቶ ቆመች። ከሣሩ በታች ገደል ነው። ገደል መኖሩን የነገረኝ ሴቲሚዮ እንጂ ማርዚዮ አይደለም።

«ምንም አልሆንኩም እማዬ። እይው፣ ሁለት እጅ፣ ሁለት እግር።»

የታንከሩን ክዳን ከፈትኩ። በረዶው እንዳለ ነው፤ አንድ ጣት እንኳ አልቀለጠም። አየሩ እሳት ሆኖ ሳለ በረዶው ካልቀለጠ ውሃው አልተንቀሳቀሰም ማለት ነው።

ሐምሌ 13

ፓምፑን ፈታነው። መግቢያው ላይ ያለችው ወንፊት በብር የተለበጠች መስላ ታበራለች። በመርፌ ጫፍ አነሣሁና መስኮቱ አጠገብ አየሁት።

«ቅርፊት ነው» አልኩ። «የዓሣ ቅርፊት።»

ሴቲሚዮ አማተበ።

«በረዶውን አላጠብከውም?»

«ፕሮፌሶሬሳ፣ በረዶ ይታጠባል እንዴ?»

«ዓሣ የተኛበት ይታጠባል።»

«እኔ ዓሣውን እንጂ አልጋውን አጥቤ አላውቅም።»

ማርዚዮ ሳቀ፤ ሴቲሚዮም ሳቀ። እኔ ቅርፊቶቹን አንድ በአንድ እያነሣሁ በነጭ ወረቀት ላይ ደረደርኳቸው። በረዶው እጄ ውስጥ ነበር። ሽታውም አፍንጫዬ ውስጥ ነበር።

ከፊት ያለው ማብረጃ ቢሆን ኖሮ የሚደፈን ወንፊት የለውም። ይህን ማንም አላነሣም። እኔም አላነሣሁም።

ሐምሌ 20

ዶናታ፣ የማርዚዮ ሚስት፣ ባቄላ ልትወስድ መጣች። ተቀምጠን ፈለፈልን። ከዚያ ዓይኗን ሳታነሣ፦

«እማማ ኢልዴ፣ እርስዎ አትሂድ ቢሉት አይሄድም።»

«እኔ ብዬው መቼ ሰማኝ?»

«ምክር አይሰማም። ቁጥር ግን ይሰማዎታል። ‹እማዬ ለክታለች› ካለ አለቀ፤ ቤታችን ውስጥ ከዚያ በላይ ዳኛ የለም።»

«ቁጥር እንደ መጣ ነው የሚነገረው፣ ዶናታ።»

«አውቃለሁ» አለች። «እንዲያው አልኩ።»

ባቄላውን ይዛ ስትወጣ ገለባውን ወሰደች፣ ፍሬውን ረሳችው።

ነሐሴ 2

ከእንግዲህ በረዶውን የምሠራው እኔ ነኝ። ፍሪዘሩን ባዶ አደረግኩ። አተሩን ለጎረቤት ሰጠሁ። ውሃውን አፍልቼ፣ አጥልዬ፣ በወተት ጠርሙስ እያደረግሁ አቀዘቅዛለሁ። ለታንከሩም ከአሮጌ የሱፍ ብርድ ልብስ ሽፋን ሰፋሁለት፤ በሰልፍ ሲቆም ሙቀት እንዳይገባው። ፓምፑ ሰልፍ ላይ እንዲጠፋ፣ ሊነሣ ሲል ብቻ እንዲበራ አዘዝኩ። አሁን ሰልፉን ስሌቱ ውስጥ አስገብቻለሁ ማለት ይቻላል።

ሴቲሚዮ ብርድ ልብሱን አይቶ «አራስ ልጅ መስሏል» አለ።

ቲማቲም ለዓመት ስጎ የሚፈላበት ሳምንት ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ጠርሙስ እየሞላ ነው። እኔም እየሞላሁ ነው። በውሃ።

ነሐሴ 9

ደንብ አወጣን። ቱርቦው የሚገፋበት ግፊት ሁለት ደረጃ ያለው ማዞሪያ አለው፤ ከፍተኛና ዝቅተኛ። በዝቅተኛው መኪናዋ ደኅና ነገር ግን ዘገምተኛ ናት። ሊነሣ ሲል ከማብረጃው የሚወጣው አየር ከአርባ አምስት ዲግሪ በታች ከሆነ ከፍተኛው፣ ከዚያ ካለፈ ዝቅተኛው። መለኪያ ለመጨመር ዳሽቦርዱ ላይ ቦታ የለም አሉ። ስለዚህ ቴርሞሜትሩ ከማብረጃው መውጫ ላይ ተተከለ፤ መስመሩ ላይ ሴቲሚዮ ኮፈኑን ያነሣል፣ እኔ አነብባለሁ፣ ማርዚዮ ያዞራል፣ ኮፈኑ ይዘጋል።

«ሌላ ሰው ያንብብ» አልኩ።

«ማን?» አለ ማርዚዮ። «ሴቲሚዮ ሙቀት የሚለካው በምላሱ ነው።»

«ኧረ አንዴ ነው ያደረግኩት!» አለ ሴቲሚዮ።

እሺ አልኩ። ዶናታ ያለችው ትዝ አለኝ። ለምን ትዝ እንዳለኝ አላውቅም።

ነሐሴ 23

መኪኖቹ አደባባዩ ላይ ተመረመሩ። ቄሱ ሄልሜቶቹን በረድፍ አስቀምጦ ባረከ። ማርዚዮ የእኔን እጅ ይዞ ነበር፤ ወይም እኔ የእሱን። የወፍጮውን ኩርባ ለማየት ከሰዓት በእግሬ ወጣሁ። አጥሩ እንደተጣመመ ነው። ቀይ ሪባን አስረውበታል። ሪባን!

በረዶው ዝግጁ ነው። ሁለት ጊዜ ከፍቼ አየሁት። መክፈት እንደሌለብኝ አውቃለሁ።

ነሐሴ 24፣ ከመነሻው መስመር

ቆመናል። ሰልፉ ከድልድዩ እስከ ምንጩ ደርሷል። ፀሐይ አናት ላይ።

ከላይ አንድ መኪና ከመንገድ ወጥቷል አሉ። የወፍጮው ኩርባ። ሌላ ሰው ነው፣ የማላውቀው።

አምቡላንስ አለፈ።

ብርድ ልብሱን እያራስኩ ነው። ከውስጥ በረዶው ሲንኳኳ አይሰማኝም። ቀልጧል።

ሬዲዮ የያዘው ሰው ለጓደኛው፦ «በሕይወት አለ። እግሩን ነው ማውጣት ያቃታቸው።»

ሁለተኛ አምቡላንስ።

ማርዚዮ ሄልሜቱን አጥልቋል። ውስጥ ሆኖ አውራ ጣቱን አሳየኝ።

መንገዱ ተከፈተ። ሞተር። ፓምፕ። ሦስት መኪና ከፊታችን። ሁለት።

38።

ያው ቀን፣ ማታ

ደርሷል። ወርዷል። ቤቱ ነው። ይህን መጀመሪያ ልጻፍ።

ሃምሳ ሁለት አልኩት።

ኮፈኑ ተነሥቶ ነበር። የፀሐዩ ነጸብራቅ መስታወቱ ላይ ያርፍ ነበር። የሞተሩ ትኩሳት ዓይኔን ያስለቅሰኝ ነበር፤ ከቅርብ ለማየትም መነጽሬን አውልቄ ነበር። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ማንም ሰው ሊሳሳት ይችላል። ከላይ ግን ሠላሳ ስምንት ብዬ ጽፌያለሁ፤ በእርሳስ፣ በግልጽ፣ የእጅ ጽሑፌም የተለመደው ነው። ላጲስ መሳቢያው ውስጥ አለ። አላነሣሁትም።

«ስንት?» ብሎ ሲጮኽ ሰማሁት። «ሃምሳ ሁለት!» አልኩ። ድምፄ ክፍል ውስጥ የማወጣው ድምፅ ነበር። ሴቲሚዮ ቴርሞሜትሩን ሊያይ ጎንበስ ሲል ኮፈኑን በራሴ እጅ ዘጋሁት። ማርዚዮ በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። ረጅም ጊዜ አልነበረም፤ መብራቱ አረንጓዴ ሊሆን ነበር። ከዚያ እጁ ወደ ማዞሪያው ሄደ፤ ወደ ዝቅተኛው።

ድምፁን እስከ መጨረሻው ተከተልኩ። ዝግ ያለ ድምፅ ነበር። በወፍጮው ኩርባ ላይ ትንፋሼን ያዝኩ፣ አለፈ፣ ሳልለቀው ቆየሁ። ሴቲሚዮ ትከሻዬን ነካ አድርጎ «ይተንፍሱ እንጂ፣ ፕሮፌሶሬሳ» አለኝ።

ከምድቡ አምስተኛ ወጣ። በከፍተኛው ግፊት ቢሄድ ሦስተኛ፣ ምናልባት ሁለተኛ ይሆን ነበር። ዓመቱን ሙሉ የለፋበት ነው።

ሁሉም ከጨረሱ በኋላ እንደ ልማዱ በአንድ ሰልፍ ቀስ ብለው ወረዱ። ሾፌሮቹ እጃቸውን በመስኮት አውጥተው፣ ሕዝቡ ከመንገዱ ግራና ቀኝ እየነካቸው። የማርዚዮ እጅ በእኔ በኩል ሲያልፍ ያዝኩት። ጠበቅ አደረገኝ።

የቆሰለው ሰው ደኅና ነው አሉ፤ አንድ እግሩ ተሰብሯል።

ነሐሴ 27

ማርዚዮ ባዶዎቹን የወተት ጠርሙሶች ሊመልስ መጣ። በመደርደሪያው ላይ ደረደራቸው። ተቀመጠ። ዳቦ ቆረስኩለት፣ አልበላም።

«እማዬ፣ ከካምቢዮው ሥር አንዲት ትንሽ መለኪያ አለች» አለ። «ከውድድሩ በፊት ሐሙስ ለዓይንሽ ሐኪም ቤት ስትሄጂ ሴቲሚዮ የሚያስገባበት ቀዳዳ አግኝቶ ገጠማት። ያኔ መስመሩ ላይ ሠላሳ ዘጠኝ ነበር የምትለው።»

ቢላዋውን አስቀመጥኩ።

«አንቺ ሃምሳ ሁለት አልሽ።»

«ታዲያ ለምን አወረድከው?»

«በክፍሉ ሁሉ ፊት አራት ከአሥር የሰጠሽኝ ሴት ነሽ። ቤት ገብቼ ሳለቅስ ‹ለአምስት አንድ ይጎድልሃል› ብለሽ ሾርባ ቀዳሽልኝ። እንዲህ ያለች ሴት አሥራ ሦስት ዲግሪ በነጻ አትጨምርልኝም። እኔ ያላየሁትን አንድ ነገር አይታለች አልኩ።»

«ምንም አላየሁም» አልኩት። «ስለዚያ ሰው እግር ሲያወሩ ሰማሁ።»

«እኔም ሰምቻለሁ።»

ከዚያ ጠርሙሶቹን ወደ ግድግዳው እየገፋ፣ ወደ እኔ ሳያይ፦ «ስለ ብረቱም ቢሆን ሴቲሚዮ በሰኔ ነግሮኛል። ‹ከፊት ያለው ይሻላል፣ ቀላል ነው፣ እናትህም ታውቃለች› ብሎኛል። አንቺ ‹ውሃ› ስትዪ እንዴት ደስ እንዳለኝ! እሱ ፊት ‹አትቁረጠው› ማለት አፍሬ ነበር።»

አርባ ሁለት ዓመቱ ነው። አቀፍኩት ማለት እፈልጋለሁ፣ ግን ያደረግኩት ዳቦውን ወደ እሱ መግፋት ነው። በላው።

ሊወጣ በሩ ላይ ቆሞ፦ «ከዛሬ ወዲያ ሙቀቱን ለብቻው ንገሪኝ። ፍርሃቱንም ለብቻው። አትደባልቂብኝ።»

«እኔ መቼ ፈራሁ አልኩ?»

«አላልሽም። ሃምሳ ሁለት ነው ያልሽው።»

መስከረም 14፣ ከመነሻው መስመር

የወቅቱ የመጨረሻ ውድድር፤ የሌላ ከተማ ዳገት። መንገዱን አላውቀውም። ኩርባዎቹን ሄጄ አላየሁም፤ እንዳላይ ራሴን ከለከልኩ። ጠዋት ጭጋግ ነበር፣ አሁን ተገልጧል። ሰልፉ አጭር ነው።

ሴቲሚዮ ኮፈኑን አነሣ። መነጽሬን አደረግኩ። ሁለት ጊዜ አነበብኩ።

«ሠላሳ አራት!»

ማርዚዮ ማዞሪያውን ወደ ከፍተኛው አደረገ። ከዚያ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ፦

«ሌላውስ?»

«እሱ ከመለኪያው አልፏል» አልኩት።

ሳቀ። ጥርሱን አይቼ ሳልጨርስ የሄልሜቱን መስታወት አወረደ።

ኮፈኑ ተዘጋ። ሄደ።

ከጥዶቹ ኋላ ገባ። ይሰማል። አሁን ጠበብ ያለ ቦታ ላይ ነው፣ ድምፁ ከድንጋይ ይመለሳል። ይሰማል። አሁንም ይሰማል።